ጓሮው የሰመጠ ዕለት

ቫልዳ ፕራት እናቷን ከቀበረች ወዲህ በደቡብ አውስትራሊያ ያለችውን የትውልድ ከተማዋን ማውንት ጋምቢየርን ረግጣ አታውቅም ነበር። ከታናሽ ወንድሟ ከኬልቪንና ከሚስቱ ከነሪዳ ጋር የተጣላችው በቀብሩ ዕለት፣ በእናትየው ቤት ሰበብ ነው። ሟቿ ቤቱን የተናዘዘችው አብሯት ለኖረው ለኬልቪን ነበር። ቫልዳ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ "ሞቷን ጠብቃችሁ ቤቱን ዋጣችሁት" አለቻቸውና አደላይድ ወዳለው ኑሮዋ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ስልክ እንኳ አልተደዋወሉም።

ዘንድሮ ኅዳር ላይ ግን አንድ ጠዋት በራቸውን አንኳኳች። ነሪዳ እርጥብ ልብስ የሞላ ቅርጫት ታቅፋ ወደ ጓሮ ልትወጣ ስትል ነበርና፣ ቅርጫቱን እንደታቀፈች ከፈተችላት። ቫልዳ ሞቴል ማደሯን፣ የቤቱን ድርሻም ልትጠይቅ አለመምጣቷን ተናገረች። የመጣችው ሐይቁን ለማየት ነው።

"ወንድሜ መኪና ሲነዳ ያስጠላኛል፤ አንቺ ነይ አብረን እንሂድ" አለቻት።

"ልብስ ላሰጣ ነበር እኮ።"

"ልብሱ የት ይሄድብሻል? ይጠብቅሽ።"

ኬልቪን ከጓሮው ጋራዥ እጁን እየጠረገ ወጥቶ እህቱን ሲያያት ፊቱ ቀላ። ሰላምታቸው እንደ ባዳ ነበር። ለሚስቱ ግን በዓይኑ "ሂጂላት" አላት። ነሪዳ ቅርጫቱን በሩ ስር አስቀምጣ መሪውን ያዘች፤ በቫልዳ መኪና ወጡ።

ሐይቃችን ክረምቱን እንደ አመድ ግራጫ ሆኖ ይከርምና፣ ኅዳር ሲገባ በጥቂት ቀን ውስጥ ሰማያዊ ይለብሳል። ድሮ እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ጉድጓድ ስለሆነ ዙሪያው ገደል ነው፤ ሰው የሚያየው ከላይ ከአጥሩ ሥር ቆሞ ነው። የዚያን ቀን ከአውቶቡስ የወረዱ ጎብኚዎች ፎቶ ለመነሳት ይጋፉ ነበር። ቫልዳ ከመካከላቸው ገብታ አጥሩን በሁለት እጇ ይዛ ብዙ ቆየች። ነሪዳ መሰልቸት ጀምራ ነበር።

"ዓይኔ እየጠፋ ነው" አለች ቫልዳ ፊቷን ሳትመልስ። "ሐኪሙ የሚመጣውን ኅዳር እንደማላይ ነግሮኛል። ለኬልቪን እንዳትነግሪው፤ ማዘን ሲጀምር አያባራም።"

ነሪዳ ጠጋ አለቻት። ክንዷን ያዘቻት፤ ቫልዳም አልተቀየመችም። ከዚያ ድሮ መሬቱ ሰምጦ በተፈጠረ ጉድጓድ ውስጥ ወደተተከለው የአትክልት ስፍራ ወርደው ጽጌረዳውን አዩ፣ ዳቦ ቤት ገብተው የሥጋ ፓይ በሉ። ነሪዳ የባሏን ማንኮራፋት ስታማ ቫልዳ ሳቀች፤ በልጅነቱም እንዲሁ ነበር አለቻት።

ሲመለሱ ሰፈሩ ጸጥ ብሏል። ነሪዳ ቅርጫቱን አንስታ በጎን በኩል ወደ ጓሮ ዞረችና ባለችበት ደርቃ ቀረች።

ጓሮው የለም። የልብስ ማስጫው፣ የሎሚው ዛፍ፣ ጋራዡ፣ አንዳቸውም የሉም። በቦታቸው አቧራው ገና ያልረጋ ሰፊ ጉድጓድ ተከፍቷል። ከታች በፈራረሰው ነጭ ድንጋይ መካከል የኬልቪን ፒክ አፕ አፍንጫው ተቀብሮ የኋላ ጎማዎቹ ወደ ሰማይ ተሰቅለዋል።

ነሪዳ ቅርጫቱን ጥላ ወደ ጠርዙ ሮጠች። ቫልዳ ከኋላ ቀሚሷን ጨምድዳ ጎተተቻትና ተያይዘው ወደቁ። ነሪዳ ብትታገልም የቫልዳን ክብደት መጣል አልቻለችም።

"ልቀቂኝ፣ ከታች ነው ያለው!"

"ብትገቢ ሁለታችሁንም አጣለሁ። አርፈሽ ተኚ!"

ቫልዳ እንደያዘቻት በአንድ እጇ ስልኳን አውጥታ ለወንድሟ ደወለች። ከጉድጓዱ ውስጥ፣ ከድንጋዩ ስር ስልክ መጥራት ጀመረ። ጥሪው እስኪቋረጥ ድረስ ጠራ። ቫልዳ ደግማ መደወል አልደፈረችም።

ጎረቤቶች ጠርተዋቸው እሳት አደጋዎች መጡ፤ ሁለቱን ሴቶች ወደ መንገዱ አሻገሯቸው። አንደኛው መሬቱ ገና እየተናደ ስለሆነ ማንም መውረድ እንደማይችል ለስለስ ባለ ድምፅ ነገራቸው። ነሪዳ አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለች። ቫልዳም አጠገቧ ተቀምጣ፣ ምንም ያልረጠበ እጇን በቀሚሷ ደጋግማ ታብስ ነበር።

ኬልቪን የመጣው በጓደኛው መኪና ነው። እህቱን ምሳ ሊጋብዛት ወደ ባሕሩ ዳር ወደ ፖርት ማክዶኔል ወርዶ ከአጥማጆች ሎብስተር የሚባለውን የባሕር ምግብ ገዝቶ ነበር፤ የራሱ መኪና አልነሳ ብሎት ጋራዡ ውስጥ ትቶት፣ ስልኩንም እዚያው ውስጡ ረስቶ። ከእሳት አደጋ መኪናው ጀርባ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ብቅ ሲል "ምን ተፈጠረ?" አለ።

ነሪዳ አየችው፤ ግን አልተነሳችም። ቫልዳ ነበረች ሄዳ ደረቱን በቡጢ የመታችው፣ ቀጥላም አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ያልለቀቀችው። ኬልቪን ከትከሻዋ በላይ በቤቱ ጎን ጉድጓዱን ሲያይ ላስቲኩ ከእጁ ወደቀ።

"እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ እዚህ ላይ ነው የተኛችው" አለ ቀስ ብሎ።

በኋላ መሐንዲሶች ሲመረምሩት፣ ውሃ በነጩ ድንጋይ ውስጥ የቦረቦረው ባዶ ከወጥ ቤቱም ስር አልፎ እንደሚሄድ ደረሱበት። ቤቱ እንዳይገባበት ታሸገ፤ በጋውም ሳያልቅ ፈረሰ። ጉድጓዱን በድንጋይ ደፈኑት፣ ዛሬ አጥር ተደርጎበታል። ባልና ሚስቱ አደላይድ ከቫልዳ ጋር ገቡ። ስለ ዓይኗ ለኬልቪን የነገረችው ቫልዳ ራሷ ናት፣ ወደ አደላይድ ሲጓዙ። ኬልቪን እንደፈራችው አለቀሰ፤ ደርሰውም መኪናውን እስኪያቆም አላባራም።

ነሪዳ እስካሁን ድረስ አዲስ ክፍል ስትገባ መጀመሪያ በአንድ እግሯ ወለሉን ጫን ጫን ታደርጋለች። ቫልዳ አሁን ማየት እየተሳናት ስለሆነ ክንዷን ይዛ ከኋላዋ ትቆማለች። "እንዴት ነው፣ ይችለናል?" ትላታለች። ነሪዳ አዎ እስክትላት ድረስም አትራመድም።