ከጌሾው ሥር

የፍኖተ ሰላም «ብሩህ ተስፋ» የቤት ሠሪዎች ማኅበር፣ በመንደሩ መካከል ያለው ኩሬ ከዛሬ ጀምሮ ሐይቅ ተብሎ እንዲጠራ በሙሉ ድምፅ መወሰኑን በታላቅ ደስታ ያበስራል።

ሐይቅ ለመባል ግን አንድ ክንድ ውኃ ጎደለው። ሊቀ መንበሩ ወንዳወቅ፣ የውኃ መልቀቂያውን በር የሚጠብቁትን ጋሽ ዘሚካኤልን እንዲዘጉት አዘዛቸው። እሳቸው ግን ውኃው ከዳር ካለችው ጌሾ ሥር በደረሰ ቁጥር ይከፍቱታል።

መንደሩ ያረፈው በእሳቸው የድሮ ማሳ ላይ ነው። ክርስትና ሳትነሣ የሞተች ልጃቸውን፣ በቤተ ክርስቲያን ስለማትቀበር፣ ከዚያች ጌሾ ሥር ነበር ያሳረፏት። ምስጢሩን የምታውቀው ባለቤታቸው ንግሥቴም አምና አረፈች።

ለግምገማ ተጠሩ።

«ጋሼ፣ ለአንዲት ጌሾ ብለው ልማት ያደናቅፋሉ?» አለ ወንዳወቅ። «ለመሆኑ ምን ሊጠመቅባት ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

«ሳይጠመቅ የቀረ አለ» አሉ ጋሽ ዘሚካኤል ቀስ ብለው።

«ጠላው ነዋ!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሳቁ ባሰ።

«እሺ፣» አለ ወንዳወቅ፣ «ምክንያቱን ያስረዱንና እንተወዋለን። ካልሆነ ቁልፉን ያስረክቡ።»

ጋሽ ዘሚካኤል የሚስቀውን ሰው አንድ በአንድ አዩት። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«አላስረዳም።»