ብቅል ፋብሪካ የደረሳት ልጅ

ለሊሴ ነጩን ጋውን አጣጥፋ ከቦርሳዋ ሥር ቀበረችው። በላዩ ሹራቧን፣ ከሹራቡም በላይ መጽሐፍ ቅዱሷን አደረገች፤ እናቷ ድንገት ቦርሳውን ብትከፍት መጀመሪያ የምታየው እሱን እንዲሆን። ከዚያ የሳጉሬዋ ሚኒባስ እስክትሞላ ቦርሳውን ጭኗ ላይ አቅፋ ተቀመጠች።

ጋውኑ ራሱ ምን ነውር አለበት? የላቦራቶሪ ተማሪ ለሥራ ልምምድ ስትወጣ የምትለብሰው ነው። ጣጣው የሚለበስበት ቦታ ነበር። ሐሙስ ዕለት መምህራቸው የልምምድ ቦታ በዕጣ ሲያከፋፍል ለለሊሴ ብቅል ፋብሪካ ደረሳት። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ፤ ልምምዱን በደንብ የጨረሰ እዚያው የመቀጠር ተስፋ አለው ይባላልና። እሷን ግን ላብ አጠመቃት። አባቷ አቶ ዋቅጅራ የሳጉሬ አማኞች ሽማግሌ ናቸው። ስለ መጠጥ መስበክ ሲጀምሩ ምሳ ሰዓት ያልፋል። አንድ ጊዜ ጎረቤት በባዶ የቢራ ጠርሙስ ዘይት ብታመጣላቸው ከነዘይቷ መልሰዋታል። ብቅሉ ደግሞ ለምን እንደሚውል የማያውቅ የአርሲ ሰው የለም።

ጓደኛዋ ናዝሬት የደረሳት ሁሩታ ከተማ፣ ውሃ አገልግሎት ነው። የለሊሴን ፊት አይታ እንቀያየር አለቻት፤ መምህሩም እስከ ሰኞ ጠዋት ፈቀደ። ናዝሬት ደግ ልጅ ናት፤ ደግነቷ ፋብሪካ ቢያስገባትም አትጠላም። ለሊሴ ግን እሺ ማለት አቃታት። ያን የመሰለ ዕድል አባቷን ሳታናግር ከእጇ መጣል አንጀቷ አልቆርጥ አለ።

ሚኒባሷ ከአሰላ ስትወጣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ገብሱ ለአጨዳ ደርሶ ቆሟል። ወደ ሳጉሬ ሲቃረቡ ከዚያ ሁሉ ገብስ መሐል የአባቷም ማሳ ይታያል። እነሱ ቤት «የፋብሪካ ገብስ» ይባላል እንጂ ፋብሪካው ምን እንደሚሠራበት አይወራም። የገበሬዎች ማኅበሩ ዘር ይሰጣል፣ ማኅበሩ ይረከባል፣ አለቀ። የጣሪያው ቆርቆሮም፣ የእሷ የኮሌጅ ቀለብም የሚወጣው ከዚያው ነው። ይህን ለአባቷ ማንሳት ትችል ነበር። ግን በምን አፏ? «እርስዎስ?» ብሎ እንዲህ ያለ አባት ማሳፈር ፋብሪካውን ከማጣት ይብስባት ነበር።

ቤት ስትደርስ አባቷ ብቻቸውን አልነበሩም። የጉባኤው ትልቅ ሽማግሌ ጋሽ ቱፋ ሳሎን ተቀምጠዋል። እናቷ ቀለሟ እየሳመቻት ናዝሬት ስልክ ደውላ ሁሉንም እንደነገረቻቸው በጆሮዋ ሹክ አለቻት። ለተግሣጽ ነው የተሰበሰቡት አለች በልቧ። እቀይራለሁ ብላ ልትገላገል አፏን ስትከፍት ጋሽ ቱፋ መሐል ገብታ እንድትንበረከክ አመለከቷት።

የጋሽ ቱፋ ጸሎት አጭር ሆኖ አያውቅም። ለአጨዳው ለመኑ፣ ለሕሙማን ለመኑ፣ ለአገር ሰላም ለመኑ። እጃቸው ራሷ ላይ ከብዷል። አሁን መጣ፣ አሁን ጀመሩ እያለች ስትጠብቅ፣ «ጌታ ሆይ፣ በአለቆቿ ፊት ሞገስ ስጣት» ሲሉ ሰማች። ጆሮዋን ተጠራጠረች። እሳቸው ቀጠሉ፤ እጇ እንዲባረክ፣ የፋብሪካውን ዕቃ ሰብራ ዕዳ እንዳትገባ ሳይቀር ለመኑላት። አሜን ከተባለ በኋላም ለሊሴ አልተነሣችም።

«ልትቀይሪ ያሰብሽው እኔን ፈርተሽ ነው?» አሉ አባቷ።

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። አቶ ዋቅጅራ ሲናገሩ የሚያዩት የገዛ እጃቸውን ነበር።

«ገብሱን የምዘራው እኔ ነኝ ለሊሴ። ስሸጠው ኖሬ፣ አንቺ ልትመረምሪው ስትሄጂ ብቆጣ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?»

ጋሽ ቱፋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ የሳቸውም ማሳ ከአባቷ ማሳ ጋር ይዋሰናል። ቀለሟ ከጓዳ ሳቋ አመለጣት። ከሐሙስ ጀምሮ የለሊሴን ደረት ተጭኖ የነበረው ነገር በአንዴ ለቀቀና እንባና ሳቅ እኩል መጣባት። እፎይ አለች። ጋውኑንም አውጥታ ለበሰችላቸው፤ እጀታው ረዘም ማለቱን እናቷ ወዲያው አየች።

ጋሽ ቱፋ ሊሄዱ ተነሥተው በሩ ላይ ቆሙ። አምና ገብሳቸው እርጥብ ነው ተብሎ ከማኅበሩ መጋዘን ተመልሶባቸው ኖሮ፣ እርጥበቱን በምን እንደሚያውቁት ድምፃቸውን ቀንሰው ጠየቋት። በመሣሪያ እንደሚለካ አስረዳቻቸው። ስብከት እንደሚሰማ ሰው አጥብቀው አዳመጧት።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል አባቷ ማሳውን እንያ ብለው ይዘዋት ወጡ። ጥቂት ዛላ ቀጥፈው በመዳፋቸው አሹና ገለባውን እፍ አሉት።

«መኪና መጥቶ ይወስደዋል» አሉ። «ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚያደርጉት ጠይቄ አላውቅም። ልጠይቅም አልፈለግኩም። አንቺ አይተሽ ንገሪኝ።»

«ሁሉንም?»

አባቷ ቀና ብለው አዩዋት። «ሁሉንም።»

የምታውቀውን አስቀደመች። ከጭነቱ ላይ መቶ ፍሬ ቆጥረው እርጥብ ወረቀት ላይ እንደሚያስቀምጡ፣ የሚበቅለው በሕይወት ያለው ብቻ እንደሆነ ነገረቻቸው። አቶ ዋቅጅራ መዳፋቸው ላይ የቀሩትን ፍሬዎች አዩ።

«የኛስ ስንቱ በሕይወት ይኖር ይሆን?» አሉ፣ የታመመ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው።

ለሊሴ ቦርሳዋ ውስጥ ልትጨምራቸው ፍሬዎቹን ከመዳፋቸው ተቀበለች።

«ሰኞ እጀምራለሁ» አለች።