ከዐይን በታች ያለ ቤት

ለሴኡል ከተማ ነዋሪዎች በሙሉ፦ በዛሬው ዕለት ማለዳ፣ በአንድ ያረጀ መኖሪያ ሕንጻ አሳንሰር ውስጥ፣ ከአቶ ታክ ማንሶፕ ዐይኖች ሥር ሁለት ጉድጓዶች መኖራቸው በይፋ ተረጋግጧል። ጉድጓዶቹ በአንድ ጀንበር የተቆፈሩ አይደሉም። ባለቤታቸው ግን ጥላ ናቸው፣ የመስተዋቱ ጥፋት ነው፣ የአምፖሉ ጥፋት ነው እያለ ዘመናት ሲከራከር ቆይቶ ነበር። ትናንት የሕንጻው አስተዳደር አዲስ ነጭ አምፖል አስገባና ክርክሩ ተዘጋ።

ማንሶፕ ወደ መስተዋቱ ተጠግቶ ከግራ ዐይኑ ሥር ያለውን ቆዳ በጣቱ ወደ ታች ሳበው። ለቀቀው። ቆዳው ከእረፍት እንደሚመለስ ሰነፍ ተማሪ እየተጎተተ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዐይኑ ጥግ የሚነሱት ቀጫጭን መስመሮችም፣ ሳይስቅ እንኳ፣ የሳቀ አስመስለውታል።

በሌላ ቀን ቢሆን ትከሻውን ነቅንቆ ያልፈው ነበር። ሌሊት ሌሊት ሰካራሞችን በገዛ መኪናቸው እየነዳ ለሚስቶቻቸው የሚያስረክብ፣ ኀምሳን የተሻገረ ሹፌር፣ ዐይኑ ቢጎደጉድ ማን ይገረማል? ዛሬ ግን ማታ ላይ እራት አለ። የአንድ ልጁ የዩንሱል ቤተሰብ፣ ማለትም እሱ ብቻውን፣ ከእጮኛዋ ከሃንጁ ወላጆች ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ለትውውቅ ይቀመጣል። የእጮኛዋ እናት ወይዘሮ ሶክ ደግሞ ፊት ታነባለች።

ፊት ማንበብ የአዋቂ ሥራ ነው፤ ግንባር የሹመት ነው፣ አፍንጫ የሀብት፣ ከዐይን በታች ያለችው ለስላሳ ሥጋ ደግሞ የልጆች ቤት ትባላለች። ሞላ ካለች ልጅና የልጅ ልጅ ይፈሳል፤ ከጎደጎደች ዘር ይሳሳል፣ ወላጅና ልጅ ይቆራረጣል። ማንሶፕ እንደማንኛውም የከተማው ሰው «እኔ በዚህ አላምንም» ይላል። እንደማንኛውም የከተማው ሰው ያምንበታል።

የሚያምንበትም ምክንያት አለው። ከሁለት ዓመት በፊት ሌላ እጮኛ፣ ሌላ እራት፣ ሌላ እናት ነበረች። ያቺ ሴትዮ ሾርባዋ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ማንሶፕን ስታየው አመሸች። በሳምንቱ ልጇ የዩንሱልን ስልክ ማንሳት አቆመ። «አባዬ፣ ካንተ ጋር ምንም አይያያዝም» አለችው ዩንሱል። ደግማ አለችው። ሲበዛበት ጊዜ እንደሚያያዝ ገባው። አንድ ማታ ደግሞ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ከፍታ፣ በውሃው ድምፅ ተሸፍና ስታለቅስ ሰማት። ወጥታ «ፊቴን ታጥቤ ነው» ስትለው፣ «አዎ፣ ውሃው ቀዝቃዛ ነው» አላት። ከዚያ ወዲህ ያቺ ቧንቧ ስትከፈት ልቡ ይሸበራል።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ጸጉሩን በውሃ አስተኝቶ፣ ልጁ በየወሩ የምታመጣለትን፣ ብርታት ይሰጣል የሚባለውን የቀይ ጂንሰንግ ሥር ጭማቂ አንድ ከረጢት ጨለጠ። ቀኑ ከባድ ነውና ሌላም ደገመ። ከዚያ የሃን ወንዝን ተሻግሮ ከሕንጻዎቹ ቁጥር የውበት ክሊኒኮቹ ቁጥር ወደሚበልጥበት ጎዳና ሄደ፤ «በምሳ ሰዓት ገብተው ሌላ ሰው ሆነው ይውጡ» ከሚል ማስታወቂያ ሥር ቆሞ ግራ ቀኙን ካየ በኋላ፣ ሌባ እንደሚገባ ገባ።

ያነጋገረችው የክሊኒኩ አማካሪ ወይዘሪት ዮም ነበረች። ዕድሜዋ ከፊቷ አይታወቅም፤ ምንም ነገር ደርሶበት የማያውቅ ፊት ነበር።

«አባባ፣ ይሄ እንቅልፍ ማጣት ብቻ አይደለም» አለችው፣ ትንሽ መስተዋት አስይዛው። «እዚህ ጋ የነበረው ስብ ሸሽቶ ታች ተጠራቀመ። ከላይ ባዶ ቀረ፣ ከታች ከረጢት ሆነ።»

«እንደ ኑሮዬ» አለ ማንሶፕ።

አልሳቀችም፤ ወይም ስቃ ፊቷ አልተናገረባትም። ምርጫዎቹን እንደ ምግብ ቤት አስተናጋጅ አቀረበችለት። ከጭኑ ስብ ተወስዶ እዚህ ሊተከል ይችላል፤ ይበረክታል፣ ግን ሳምንታት ያብጣል። ቀዶ ጥገናም አለ፤ ታች የወረደውን ስብ መልሶ ወደ ጉድጓዱ ይገፋል። ለቀጫጭኖቹ መስመሮች ከሳልመን ዓሣ የሚሠራ መርፌ፣ ለዐይን ጥግ ሽብሽብ ደግሞ ቦቶክስ የሚባል ጡንቻ የሚያላላ መርፌ አለ። ቸኩያለሁ ለሚል ሰው ፊለር አለ፦ ጉድጓዱን ወዲያው የሚሞላ፣ ዓመት ገደማ የሚቆይ እንደ ጄል ያለ ነገር።

«ዓሣው ይቅርብኝ። ዛሬውኑ የሚያልቀው የቱ ነው?»

«ፊለሩ። ግን አባባ፣ በቅርቡ ዝግጅት ካለብዎት አናደርገውም። ሊበልዝም ሊያብጥም ይችላል፤ ሁለት ሳምንት ቀደም ማለት አለበት። የልጅ ሰርግ ምናምን አለ እንዴ?»

«የለም።»

«እርግጠኛ ነዎት? አባቶች ሲመጡ ሁልጊዜ ሰርግ አለ።»

«ምነው የኔ ልጅ፣ ሰው ለራሱ አያምርም?»

ትከሻዋን ሰበቀች። «የሚወስዱት መድኃኒት? አስፕሪን፣ ደም የሚያቀጥን ነገር?»

«ክኒን የሚባል ነገር ጉሮሮዬን አያውቀውም።»

የመጀመሪያው መልሱ፣ ሰርግ የለም ያለው፣ ውሸት ነበር፤ ሁለተኛው ግን እውነት ነው። ቀይ ጂንሰንግን መድኃኒት ብሎ የሚጠራ ሰው ማንሶፕ በሕይወቱ አላጋጠመውም። ጂንሰንግ ፍቅር ነው፤ ልጅ ለአባቷ የምታመጣው፣ አማት ለሙሽራ የምትልከው፣ አለቃ በበዓል የሚሰጠው። ማነው ፍቅርን ለነርስ የሚያስመዘግብ?

ሐኪሙ ወጣትና ዝምተኛ ነበር። ግራውን ሲሠራ ማንሶፕ የተሰማው ከቆዳው ሥር የሆነ ነገር እየተሳበ እንደሚያልፍ ያህል ብቻ ነው። ቀኙ ላይ ሲደርስ ሐኪሙ «ኧ» አለ። ሐኪም «ኧ» ማለት የለበትም። ወዲያው ፋሻ መጣ፣ በረዶ መጣ፣ ጠንካራ ጣት መጥቶ ጉንጩን ተጫነው።

«ዛሬ ጠዋት ምን ወስደው ነበር?»

«ምንም።» ትንሽ አሰበ። «ቀይ ጂንሰንግ።»

«ምን ያህል?»

«ሁለት ከረጢት። ቀኑ ከባድ ስለሆነብኝ።»

ሐኪሙ ዐይኑን ጨፈነ። «ደም እንዳይረጋ ሊያደርግ ይችላል እኮ።»

«መድኃኒት ብላችሁ ነው እኮ የጠየቃችሁኝ።»

መስተዋቱ ሲመጣ ማንሶፕ ሁለት ሰዎች አየ። ከግራ በኩል አንድ የተኛና ያረፈ፣ ደኅና ጡረታ ያለው ሰውዬ ይመለከተዋል፤ ጉድጓዱ የለም፣ ቆዳው እንደተነጠፈ አልጋ ነው። ከቀኝ በኩል የበሰለ ፕሪም የሚያህል ሐምራዊ እብጠት። ሊያጌጡ ይመላለጡ እንዲሉ።

«የሞላነውን በሌላ መርፌ ማሟሟት ይቻላል» አለ ሐኪሙ፣ «ግን እብጠቱን ዛሬ ያባብሰዋል፤ ብልዙንም አያጠፋውም። በረዶ ይያዙበት። ከሁለት ሳምንት በኋላ በጣም ያምራል።»

«ከሁለት ሳምንት በኋላ ማን ያየኛል?» አለ ማንሶፕ፤ ድምፁ ግን ለሐኪሙ አልነበረም።

ከምድር ባቡሩ ጣቢያ ሥር ካሉት ሱቆች በአንዱ አንዲት ሻጭ፣ ምንም ሳትጠይቅ፣ እብጠቱ ላይ ሜካፕ ለቀለቀችበት። ሐምራዊው አመድማ ሆነ። ደገመችው፤ አመዱ ሲሚንቶ ሆነ። «አባባ፣ ቀለም ቀለምን ይሸፍናል እንጂ ጉብታን አይሸፍንም» አለችውና በሐዘኔታ ተወችው። በብርጭቆ የሚሸጥ በረዶ ገዝቶ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠና ፊቱ ላይ ያዘው። በረዶው እየቀለጠ በእጅጌው ውስጥ ወደ ክርኑ ወረደ። ሰዎች ያልፋሉ፤ ያዩታል፤ ዐይናቸውን ይሰብራሉ። የተደበደበ ሽማግሌ አድርገው እንደወሰዱት ገባው። ማ ደበደበው ቢባል እኮ፣ ራሱ ነው።

ቀርቶ ቢያርፈውስ? ታመምኩ ማለት ይቻላል። ስልኩን አውጥቶ ለዩንሱል ደወለ። አፉን ሳይከፍት ቀደመችው።

«አባዬ፣ ሰማያዊውን ክራባት አደረግከው አይደል? ሆዴን እየቆረጠኝ ነው። ሃንጁ ይስቅብኛል፤ እሱ ምን አለበት፣ የሱ እናት ናት። አንተ አጠገቤ ስትቀመጥ ይተወኛል፤ አውቀዋለሁ። ምነው፣ ምን ልትለኝ ነበር?»

ማንሶፕ የቀለጠውን በረዶ ተመለከተ። «መንገዱን ልጠይቅሽ ብዬ ነው» አለ።

ምግብ ቤቱ እያንዳንዱ ቤተሰብ በራሱ ክፍል የሚቀመጥበት፣ ጫማ ወልቆ የሚገባበት ነበር። ዩንሱል የጫማው መደርደሪያ አጠገብ እየጠበቀችው ነበር። ስታየው እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አባዬ፣ ማነው የመታህ?»

«ማንም።»

«ሰካራም ነው አይደል? ንገረኝ።» እንባዋ መጣ፤ በእጇ ጀርባ ከዐይኗ ሥር ጠረገችው።

«ግቢ፣ ሰው እየጠበቀን ነው» አላት።

የሃንጁ አባት ባቡር መሥሪያ ቤት ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። የማንሶፕን ፊት አይቶ ራሱን ነቀነቀና መጠጥ ቀዳለት። «ዘመዴ፣ የእርስዎ ሥራ ከሰካራም ጋር ነው አሉ። እጃቸውን ያነሣሉ እንዴ?» አለው፣ በርኅራኄ። ውሸቱ ተቀቅሎ፣ ተቀምሞ፣ ሳሕን ላይ ቀርቦለት ነበር። ማንሶፕ አንገቱን ደፍቶ ጠጣ። የሃንጁ አባት ዝምታውን እንደ አዎንታ ወሰደና «ወይ ዘመን» አለ።

ወይዘሮ ሶክ መነጽሯን አውጥታ ጠረገች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ገበያ ላይ ሐብሐብ መታ መታ አድርጋ ሳታዳምጥ የማትገዛ ዓይነት ሴት ናት እንጂ።

«ቀኙን እንተወው፤ እሱ ሕመም ላይ ነው» አለች። «ግራውን ግን እስቲ ወደ ብርሃኑ...» ጠጋ አለች። «ሙሉ ነው። በእርስዎ ዕድሜ እንዲህ የሞላ የልጆች ቤት አላየሁም።»

ማንሶፕ ፈተናውን አለፈ። ሁሉም ነገር፣ ውሸቱም፣ መርፌውም፣ ፕሪሙም፣ ለዚህች ዐረፍተ ነገር ነበር። ልጁን ሊያያት ዞረ፤ ወይዘሮ ሶክም አብራው ዞረች።

የክፍሉ መብራት በቀጥታ ከዩንሱል ራስ በላይ ነበር። በሩ ላይ እንባዋን ስትጠርግ ሜካፑ አብሮ ሄዷል። ከዐይኗ ሥር ትንሽ፣ ገና የጀመረ፣ ግራጫ ጉድጓድ ነበር። ማንሶፕ አይቶት አያውቅም። ልጁ ከሥራ ስትመለስ እሱ ወደ ሥራ ይወጣል፤ ሲገናኙ ሁሌም ተኳኩላ ነው። ጉድጓዱን ግን ያውቀዋል። ዛሬ ጠዋት በአሳንሰሩ መስተዋት ውስጥ ያየው ራሱ ነው፣ ሠላሳ ዓመት ቀድሞ።

«የልጅቷ ገባ ያለ ነው» አለች ወይዘሮ ሶክ ረጋ ብላ። «ከአባት አልመጣም፤ የአባቷን አየነው። ከእናት ወገን ነው ማለት ነው። እናቷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ይቺ ልጅ ሕፃን ሳለች ነው ያረፈችው አይደል? እንግዲህ እንዲህ ያለው ይወረሳል።»

«እማዬ» አለ ሃንጁ። እናቱ አልሰማችውም።

ዩንሱል የመብያ እንጨቶቿን አስቀመጠች። ማንሶፕ ሚስቱን አሰበ። ክብ ፊት ነበራት፤ ስትስቅ ዐይኖቿ ጉንጮቿ ውስጥ የሚሰምጡ፣ ሆስፒታል ተኝታ እንኳ ከዐይኗ ሥር ሞልታ የኖረች ሴት። ዘሯን የሚያጠፋ ፊት ያላት እሷ ሆና እዚህ ጠረጴዛ ላይ ቀረበች፤ ያቀረባትም እሱ ነው።

«ከእናቷ አይደለም» አለ። «ከኔ ነው።»

«ዘመዴ፣ የእርስዎማ ሙሉ ነው። እኔ ዐይን አለኝ።»

«ከኔ ነው። ከአባቴ ለኔ፣ ከኔ ለሷ።»

ወይዘሮ ሶክ መነጽሯን አወለቀች፤ መልሳ አደረገች። «እንግዲያውስ የእርስዎ የት ሄደ?»

በሩ ተንሸራቶ ተከፈተ፤ ዓሣ የያዘችው አስተናጋጅ ፊታቸውን አይታ ቀስ ብላ መልሳ ዘጋችው። የሃንጁ አባት ለመቅዳት ያነሣውን ጠርሙስ እንደያዘ ቀረ። ዩንሱል የአባቷን ግራ ዐይን እያየች ነበር፤ የበለዘውን ሳይሆን ለስላሳውን፣ የተነጠፈውን፣ የሌላ ሰው የሚመስለውን። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«አባዬ?»

ማንሶፕ ያበጠ ፊቱን ቀና አድርጎ ወይዘሮ ሶክን ተመለከታት።

«ከኔ ነው ብያለሁ» አለ። «ሌላውን አላስረዳም።»