ቶሎ የተነሣው ኮምፒውተር

ኤልሳቤጥ ላሊበላ ውስጥ ባለ ትንሽ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት። ከጦርነቱ ወዲህ እንግዳ ብርቅ ሆኗል። እሷ ግን በየጠዋቱ መጥታ ኮምፒውተሩን ትከፍታለች። ኮምፒውተሩ ለመነሣት ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል፤ አንዳንዴም "እየታደሰ ነው፣ አያጥፉ" እያለ እስከ ረፋድ ይገትራታል። እሷም እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች።

አንድ ማክሰኞ ደሳለ መጣ። ቱሪስት ሲጠፋ አስጎብኚነቱን ትቶ ኮምፒውተር መጠገን የጀመረ ጎረቤቷ ነው።

"ማሽኑ አላረጀም፤ የተጫነበት ነው የከበደው" አላት። "ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ልጫንልሽ። ቀላል ነው፣ በነፃ ነው። ውስጡ ያለው የድሮው ሁሉ ግን ይጠፋል።"

"ጫነው።"

"የእንግዶቹን መዝገብስ ላስቀርልሽ?"

"እንደፈለግህ።"

ደሳለ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ መዝገቡን በፍላሽ ገልብጦ ሥራውን ጀመረ፤ ከሰዓት በኋላ ጨረሰ።

በማግስቱ ቁልፉን ተጭና ነጠላዋን ሳታስተካክል ኮምፒውተሩ ተነሣ። መዝገቡን ከፈተችው። የዕለቱ ገጽ ባዶ ነው። ሰዓቷን ብታይ ገና ሁለት ሰዓት ከአምስት ነው።

ደሳለ ደወለላት። "እንዴት ሆነ? ፈጠነ?"

"ፈጥኗል።"

"ታዲያ ደስ አላለሽም?"

ትንሽ አሰበች። ደስታም ቅሬታም አልመጣላትም።

"እንጃ" አለችው። "እሱ እስኪነሣ ስጠብቅ ሥራ ላይ ያለሁ ይመስለኝ ነበር።"