በግቡ ፊት የሞተው ሳር

ሳሩ መሞት የጀመረው በኅዳር ነው፤ እኔ ያየሁት በታኅሣሥ። ይህን አንድ ወር ለራሴ ይቅር አልለውም። ሃምሳ አንድ ዓመት ሙሉ በሚልፓርክ ሜዳ፣ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ካለው ግብ ጀርባ ቆሜ የደንፌሪክ አትሌቲክን ጨዋታ ተከታትያለሁ። እዚያ ግብ ፊት የሚበቅለውን እያንዳንዱን ሳር አውቀዋለሁ እያልኩ ስፎክር ኖሬ፣ የበር መዝጊያ የሚያህል ቢጫ ቦታ እስኪወጣ ድረስ አላየሁም።

ሌሎቹ ግን አይተውታል። አይተው ዝም አሉ። የእኛ ደጋፊ ማየትና መጠየቅ የሁለት የተለያዩ ሰዎች ሥራ ይመስለዋል። ምርጡን አጥቂ ጥር ላይ ሲሸጡበት «ያው ትንሽ ክለብ ነን» ይላል። ከሁለተኛው ምድብ ወደ ሦስተኛው፣ ከሦስተኛው ወደ አራተኛው፣ ደግሞ መልሰው ወደ ሦስተኛው ሲያንከባልሉት «ያው እኛ ነን» ይላል። እኔ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ፣ ከትልቁ ከተማ የመጣ ትልቅ ቡድን በዋንጫ ጨዋታ ሁለት ለአንድ አሸንፈን ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚደረግብንን በደል ሁሉ፣ ይህ ሕዝብ በዚያች አንዲት ከሰዓት በኋላ እያጣፈጠ ይውጠዋል።

እኔ አልውጥም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ታሪክ አስተምሬያለሁ፤ «ከዚህ ማን ተጠቀመ?» ብሎ መጠየቅ እንጀራዬ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ የደጋፊዎቹን መጽሔት የማዘጋጀው እኔ ነኝ።

የሚጠቀመው ሰው ግልጽ ነበር። የክለቡ ሊቀ መንበር ፍሬዘር ላውደን ሜዳውን አስቆፍሮ የፕላስቲክ ሳር ሊያነጥፍ ይፈልጋል። በሳምንት ሰባት ቀን ይከራያል፤ ውርጭ አይይዘውም፤ ጨዋታ አይሰረዝም። ልክ ነው፣ የሳሎን ምንጣፍም ውርጭ አይይዘውም፤ እግር ኳስ ግን ማንም ሳሎን ውስጥ አይጫወትም። ጉዳዩ በአባላት ድምፅ ይወሰን ተብሎ በየካቲት የመጨረሻ ቅዳሜ፣ ከጨዋታው በፊት፣ ስብሰባ ተጠርቷል። እንግዲህ ስብሰባው ሁለት ወር ሲቀረው፣ ከሜዳው ሁሉ የሰው ዓይን በሚያርፍበት ቦታ ላይ ሳሩ ይሞታል። አጋጣሚ ነው በሉኝና ልስማችሁ።

የሜዳው ቁልፍ ያለው ላውደንና ሜዳ ጠባቂው ዋቲ ጌዲስ ዘንድ ብቻ ነው። ዋቲ ሃያ ስምንት ዓመት ያንን ሳር ሲያጭድና ሲያጠጣ ኖሯል፤ መግቢያው በር አጠገብ ክለቡ በሰጠው ቤት ይኖራል። ተቀያሪ ተጫዋች ሰውነቱን ሲያሟሙቅ እንኳ «ከሳሬ ላይ ውረድ» ብሎ የሚጮህ ሰው ነበር። ሄጄ ጠየቅኩት።

«ዋቲ፣ ያ ግቡ ፊት ያለው ምንድን ነው?»

«ውርጭ ነው።»

«ውርጭ አንድ ግብ መርጦ ነው የሚወርደው?»

«እዚያ ጥላ አለ። የቤተ ክርስቲያኑ ጥላ።»

«ቤተ ክርስቲያኑ መቶ ሠላሳ ዓመቱ ነው። ጥላ ያወጣው ዘንድሮ ነው?»

ጋሪውን አንሥቶ ሄደ። ዋቲ ለክርክር ጀርባውን ሲሰጠኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። እውነት የያዘ ሰው ጋሪ አያነሣም።

በጥር እትም ጻፍኩት። ስም አልጠራሁም። «ሳሩን የሚገድለው ማን ነው? በሳሩ ሞት የሚጠቀመውስ? የሜዳው ቁልፍ በስንት ሰው እጅ ነው?» ብዬ ሦስት ጥያቄ ብቻ ደረደርኩ።

ከግቡ ጀርባ በሥጋ የተሞላ ፓይና ትኩስ የሥጋ መረቅ የምትሸጠው ኤፊ ቤይን አንብባው ነበር። ድሮ ተማሪዬ ነበረች።

«ቲቸር፣ ዋቲን ነው አይደል?» አለችኝ ፓዩን በወረቀት እየጠቀለለች።

«የማንንም ስም አልጻፍኩም።»

«ስሙን ብቻ ነው የተዉት። የጫማ ቁጥሩ ሳይቀር አለ።»

«ጥያቄ ነው ያቀረብኩት።»

«አምና ደግሞ ኤፊ ፓዩ ውስጥ ሥጋ ቀንሳ ይሆን ብለው ጥያቄ አቅርበው ነበር።»

«ቀንሰሽ ነበራ።»

«ቀንሼ ነበር» አለች፤ «እሱ ሌላ ነገር ነው።»

በየካቲት ሁለተኛው ቅዳሜ፣ ዜሮ ለዜሮ እየተጫወትን ሊያልቅ ዐሥር ደቂቃ ሲቀር፣ በረኛችን ማንም ሕፃን የሚይዛትን ኳስ ሊይዝ ወጣ። እግሩ ቢጫው ቦታ ላይ ሲያርፍ ከሥሩ ከዳው፤ በሆዱ ተዘረጋ፤ ኳሷም አጠገቡ ቀስ ብላ አልፋ ገባች። የእንግዶቹ ደጋፊዎች «ባልዲና አካፋ ስጡት፣ ባሕር ዳርቻ መስሎታል» እያሉ ይጮኹ ጀመር። ከኋላዬ አንዱ «ጎሉ ለሳሩ ይመዝገብ» አለ። እኔ ወደ ጎኔ ዞርኩ፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆሞ በሁሉም ነገር ሲከራከረኝ የኖረው ሳንዲ ሞንከር በገና ሰሞን ሞቷል። ስለ ፕላስቲኩ ሳር እንኳ የመጨረሻ ቃላችን ጥሩ አልነበረም። ቧንቧ ሠራተኛ ስለነበር ከጭቃ ጋር ፍቅር የለውም፤ ፕላስቲኩን ይደግፍ ነበር።

ያን ዕለት ወሰንኩ። ማስረጃ እይዛለሁ።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት፣ ደወሉ ተደውሎ ከተማው ወይ ጸሎት ላይ ወይ አልጋ ላይ በሆነበት ሰዓት፣ ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ባለው የአጥር ቀዳዳ ገባሁ። በስልሳ ስምንት ዓመቴ በአጥር ቀዳዳ ስገባ ኮቴን ቀደድኩ። ከማስታወቂያ ሰሌዳው ጀርባ ተቀመጥኩ። ሩብ ሰዓት እንኳ አልጠበቅኩም። ዋቲ መጣ፤ አብራው ጥቁር ካፖርት የለበሰች ሴት ነበረች፤ ጀርባዋ ወደ እኔ ነው። ዋቲ ተንበርክኮ ሳሩን በቢላ ሰንጥቆ ከፍ አደረገላት። ሴትዮዋ ከአረንጓዴ ማሰሮ ውስጥ ነጣ ያለ ዱቄት አፈሰሰች፤ ስንጥቁ ሞልቶ ሳሩ ላይ ፈሰሰ።

ጨው። ሳርን እንደ ጨው የሚገድለው የለም። ከሰሌዳው ጀርባ ወጥቼ ሮጥኩ።

«እንዳትነካው» አልኩ። «አየሁህ ዋቲ። እንዳትነካው።»

ፊቱ ነጣ። «ሬኒ፣ ሂድ። በደግ ነው የምነግርህ፣ ሂድ።»

«ጨው ነው አይደል? ላውደን ምን ቃል ገባልህ?»

«ጨው አይደለም።»

«አይደለም?» ጎንበስ ብዬ ሳሩ ላይ ከቀረው በጣቴ ቆንጠር አድርጌ ምላሴ ላይ አስቀመጥኩት።

ጨው አልነበረም። ምንም ጣዕም የለውም፤ ጥርስ ላይ ይንቀጫቀጫል።

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረች። የሞንከር ሚስት ኔታ ነበረች።

«አቶ ሬኒ» አለች ቀስ ብላ፤ «እሱ ሳንዲ ነው።»

የሞንከርን አስከሬን ማቃጠላቸውን ሰምቼ ነበር፤ አመዱ የት እንደሚያድር ግን ጠይቄ አላውቅም። እንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ምን እንደሚያደርግ የሚያስተምር ትምህርት ቤት የለም። ሚስቱ ፊት ልተፋው አልችልም። አፌ ውስጥ ላኖረውም አልችልም። ኔታ እያየችኝ ዋጥኩት።

«ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ተጨቃጭቃችሁ አሁንም አልተዉትም» አለች። አፏን በጓንቷ ያዘች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀች ኖሯል። ከዚያ ግን አለቀሰች።

እሷ ከሄደች በኋላ ዋቲ ሳሩን በመዳፉ እየደለደለ ነገረኝ። የሟች አመድ ሜዳው ላይ መበተን በክለቡ ደንብ ክልክል ነው፤ ሳሩን ያቃጥለዋል። ሰዎች ግን ይለምኑታል። ድሮ በዓመት አንድ ሁለት ሰው ስለነበር ሜዳው ሁሉ ላይ ስስ አድርጎ ይበትነው ነበር፤ ማንም አያውቅም። ዘንድሮ ጉንፋኑ ብዙ ሰው ወሰደ።

«እና ለምን አንድ ቦታ ትከምራቸዋለህ?»

«ሁሉም የሚፈልጉት ይህንን ግብ ነዋ። የሞተ ሰው መሃል ሜዳ አድርጉኝ ሲል ሰምተህ ታውቃለህ?»

«በእጅህ የላውደንን ሥራ እየሠራህለት መሆኑ አይታይህም? ሳሩን አንተ ገደልከው፣ እሱ ፎቶ አነሣው።»

«አውቃለሁ» አለ። «ላውደን ቢሰማ ግን ሥራዬም ቤቴም በአንድ ቀን ይሄዳሉ። ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ ሬኒ። የት እገባለሁ?»

አልናገርም አልኩት። ወደ ቤቴ ስሄድ መንገድ ላይ ታሪኩን ከሁሉም ጎን አገላብጬ አየሁት። ኔታን ባላውቃት ኖሮ ማሰሮውንም፣ እንባውንም እጠረጥር ነበር። አፌ ውስጥ የቀረው ግን የሚጠረጠር ነገር አልነበረም።

የስብሰባው ቀን አዳራሹ ሞላ፤ መቶ ስልሳ የሚጠጋ አባል ነበር። ላውደን የቢጫውን ቦታ ፎቶ በትልቁ ግድግዳ ላይ አሳየ። ከዚያ ከር የሚባል መካኒክ ከኋላ ተነሣ፤ የጥር እትሜን ጠቅልሎ ይዟል።

«ሊቀ መንበር፣ ቲቸር ለጻፈው መልስ እንፈልጋለን። ሳሩን የገደለው ማን ነው? ዋቲም በሩ ጋ ቆሟል፤ እሱም ይናገር።»

«ይናገር» የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው መጣ። ዋቲ ቆቡን በእጁ ይዞ ወለሉን ያያል።

ላውደን እጁን አነሣ። እሱም ተማሪዬ ነበር፤ ሰነፍ ግን ብልጥ። «እኔም መልሱን እፈልጋለሁ፤ ስሜ አብሮ ተነሥቷል። ሰኞ ዕለት አፈሩ ተቆፍሮ ለምርመራ ይሂድ። ውጤቱ እስኪመጣ ድምፁ ይቆይ። ቲቸር፣ በዚህ ይስማማሉ?»

አዳራሹ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ አዳራሹም የእኔ ነበር። በየፊቱ ላይ ይነበባል፦ ድምፁ ከተራዘመ ጥርጣሬው ብቻውን ላውደንን ይጥለዋል፣ ሳራችን ይተርፋል። ከእኔ የሚፈለገው አንድ ጊዜ «እስማማለሁ» ማለት ነበር። ሰኞ ዕለት ደግሞ አፈሩ ውስጥ ሰው ይገኛል፤ ማክሰኞ ዋቲ ዕቃውን ይጭናል።

ተነሣሁ። «ምርመራ አያስፈልግም» አልኩ። «የጻፍኩት ስሕተት ነበር።»

«የትኛው?» አለ ከር።

«ሦስቱም ጥያቄ። ምንም ማስረጃ ሳይኖረኝ ነው የጻፍኩት። ዋቲ ጌዲስ በዚህ ክለብ ላይ ክፉ ሠርቶ አያውቅም። ሊቀ መንበሩም በዚህ በአንዱ ነገር ንጹሕ ነው።»

«ታዲያ ሳሩን ማን ገደለው?»

«አላውቅም።»

ከፊት መደዳ አንዱ «ጸሐፊ፣ ይመዝገብልን» አለ፤ «ቲቸር አላውቅም ያለበት ቀን።» ሳቁ ሲበርድ ሹክሹክታው ተተካ፤ ምን እንደሚሉ ለመስማት ጆሮ አላስፈለገኝም። ከር አላንሾካሾከም።

«ምን ሰጡህ ቲቸር?» አለኝ በግልጽ። «ለመጽሔቱ ማተሚያ ገንዘብ ነው ወይስ የቦርድ መቀመጫ?»

ላውደንም ዓይኑን አጥብቦ ያየኝ ነበር። ያለ ምክንያት እጁን የሚሰጥን ጠላት ማንም አያምንም፤ እኔም አላምንም ነበር። መልስ ሳልሰጥ ተቀመጥኩ። በሕይወቴ የተሰደብኩትን ስድብ ሳልመልስ ስቀር ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ እስከ ዛሬም ያቃጥለኛል።

ፕላስቲኩ ሰማንያ አራት ለሰባ አንድ አሸነፈ። ኔታ ሞንከር በባሏ የአባልነት ካርድ ገብታ ከሰማንያ አራቱ ጋር እጇን አወጣች። በሩ ጋ ስንገናኝ ፊቴን አይታ «ሳንዲ የሚፈልገው ይህን ነበር፤ እርስዎ ደግሞ ከሁሉ በላይ ያውቃሉ» አለችኝ። «ሜዳውን ሲቆፍሩ አመዱን አብረው ሲጭኑትስ?» አልኳት። «እሱን ከዋቲ ጋር ተነጋገሩ» ብላ ወደ ኤፊ ሄዳ ፓይ ገዛች።

ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ወደ ቦታዬ ስሄድ ሁለት ሰዎች እኔን ሲያዩ ራቅ ብለው ቆሙ። ዋቲ ግቡ አጠገብ መረቡን ያጠብቅ ነበር፤ ተጫዋቾቹ ቢጫው ቦታ ላይ እየተንሸራተቱ ያሟሙቃሉ። አላመሰገነኝም። ቢያመሰግነኝ እጣላው ነበር።

«ቆፋሪዎቹ ግንቦት ላይ ይመጣሉ» አለኝ ሳያየኝ። «እስከዚያ ቀስ እያልን እናነሣቸዋለን። አንተ የቆምክበት ከግቡ ጀርባ ያለው ሳር ፕላኑ ውስጥ የለም፤ አይነካም፤ ወደዚያ እናዛውራቸዋለን። እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ና። በበሩ ግባ፣ እከፍትልሃለሁ።»

«ስንት ናቸው?»

«ምን ያደርግልሃል?»

«የምቆፍረውን ላውቅ።»

«ዐሥራ አራት።»

ቦታውን አየሁት። ሠላሳ ስድስት ዓመት ውሸት ስሰማ ኖሬያለሁ። «ለዐሥራ አራት ሰው ሰፊ ነው፣ ዋቲ።»

መረቡን ሁለት ጊዜ ቋጠረ። «ሃያ ሁለት» አለ። «ሁለቱ ከወንዙ ማዶ ናቸው።»

«የፎርሞንት ደጋፊዎች? የባላንጣችንን የፎርሞንትን ደጋፊ እዚህ ቀብረሃል?»

«ሚስቶቻቸው የእኛ ናቸው፤ ምን ልበል?»

ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። ዋቲ የአፈር መኮትኮቻ ሹካውን አንሥቶ ከመስመሩ ወጣ፤ በረኛችን ቢጫውን ቦታ በጫማው እየነካካ ቆመ።

«እሑድ እመጣለሁ» አልኩት። «እነዚያን ሁለቱን ግን አንተ ታነሣለህ። እኔ ከቆምኩበት ራቅ አድርገህ።»