ሰባተኛው ገጽ

መጀመሪያ የተሰማው የጠመኔ ድምፅ ነው። ከግድግዳው ማዶ ጠቅ ጠቅ እያለ ይሄዳል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይቀጥላል። መምህሩ ወንበሩ ላይ እንዳለ ጆሮውን ጣል አደረገ። ማዶ ያለችው የዶክትሬት ተማሪው ናት፤ ከአምስት ቀን በኋላ ፈታኞች ፊት የምታቀርበውን ጽሑፍ እየተለማመደች ነው። ድምፁ ቆመ፤ ቆይቶም አልቀጠለም። የት ላይ እንደቆመች ያውቃል።

ከአስራ ዘጠኝ ዓመት በፊት አልጀብራዊ ቶፖሎጂ በሚባለው የሒሳብ ዘርፍ አንዲት ቀጭን ጽሑፍ አሳትሞ ነበር። ትምህርቱ ቅርጽ ቢለጠጥም ቢጣመምም የማይለወጠውን ነገር ይመረምራል፤ ለጀማሪዎች ሲያስረዳ ክር ይዞ ይገባል። ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ የክር ቀለበት ሲስቡት ጠቦ ጠቦ ነጥብ ያክላል፤ ምሰሶ ከዞረ ግን ምሰሶው ይይዘዋል። በዚያች ጽሑፍ ሰባተኛ ገጽ ላይ በሚያጠናው ቅርጽ ላይ ያሉት ቀለበቶች ሁሉ እስከ ነጥብ እንደሚጠቡ ጻፈና፣ በማረጋገጫ ፈንታ «ይህ ግልጽ ነው» ብሎ አለፈ። የሙያው ሰዎች እንዲህ ይጽፋሉ። ከመታተሟ በፊት ያነበባት ገምጋሚም ያልገባው እንዳይመስል ብሎ አለፈው።

በስምንተኛው ዓመት፣ አንድ ጠዋት ጫማውን ሲያስር፣ ምሰሶው ታየው። አንዱ ቀለበት አይጠብም። ያኔ ስልሳ ሰው ጽሑፏን በየሥራው ጠቅሷት ነበር። ማረሚያ እጽፋለሁ ሲል፣ ዛሬ ነገ ሲል፣ ስልሳው አራት መቶ አስራ ሁለት ሆነ። የማያውቀው ሰው በማያውቀው ከተማ ተቀምጦ በዚያ መስመር ላይ ሌላ ፎቅ ይሠራል። ዲኑ በስብሰባ ቁጥሩን ያነባል፣ ይጨበጨባል፤ የሙሉ ፕሮፌሰርነቱ ደብዳቤም በዚሁ ቁጥር ተጽፎ ፊርማ ይጠብቃል። ባለቤቱ፣ ሰው የልጁን ቁመት ሲለካ አንተ የጠቀሱህን ትቆጥራለህ እያለች ትቀልድበታለች። እሱ የሚቆጥረው ግን ግንቡ ምን ያህል ከፍ እንዳለበት ለማወቅ ነበር።

ተማሪዋ አንኳኩታ ገባች። የጉልበቱን ሕመም ጠየቀችው፤ ደህና ነው አላት።

«ጋሼ፣ ሰባተኛው ገጽ ላይ ግልጽ ነው ያሉት ለእኔ አልገለጽ አለኝ። ደንቁሬ ነው?»

አልደነቆርሽም ቢላት በዚያች መስመር ላይ የቆመው የአራት ዓመት ሥራዋ ይፈርሳል፣ የእሱም ስም አብሮ። ዝም ቢል ደግሞ ለዚያች መስመር ፈታኞች ፊት ጥብቅና የምትቆመው እሷ ናት። እስኪ ጊዜ ወስደሽ እዪው፣ ሁላችንም መጀመሪያ እንዲያ ይሆንብናል አላት።

ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዳየችው ነገረችው። ወደ ሰሌዳው ሄዳ አንድ ምሰሶ፣ በዙሪያውም አንድ ቀለበት ሣለች። ልክ እሱ ጫማውን ባሰረበት ጠዋት ሥሎ ያጠፋው ሥዕል ነው። ዞር አለች።

«ይኼን አይተውት ያውቃሉ?»

«አይቻለሁ።»

«መቼ?»

«አንቺ ገና ሁለተኛ ደረጃ ሳለሽ» አለ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ተናገረ። አንድ ቅድመ ሁኔታ ቢጨመርበት የጽሑፏ ግማሽ እንደሚተርፍ፣ ፈተናው እንዲዘገይ ዲኑን እንደሚያነጋግር፣ ማረሚያውንም ሁለቱ በጋራ ስማቸው እንደሚያወጡት። የጣቶቿን የጠመኔ ዱቄት በመዳፏ አራገፈች፣ ስትገባ ወንበር ላይ የጣለችውን ሹራብ አነሳች።

«ወዴት ነሽ?» አላት።

በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ሄደች።