ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ያለው ሐይቅ

አስጎብኚዋ ጥንታዊውን ቤተ ክርስቲያን አሳይታ ስታበቃ እንግዶቿን ወደ ፏፏቴው በላይኛው መንገድ ትወስዳለች እንጂ ከግርጌ ባለው ሐይቅ በኩል አታልፍም። ታናሽ ወንድሟን የበላው ያ ሐይቅ ነው።

አንድ ቀን እናቷ ሳትጠራ መጥታ ከእንግዶቹ ጋር ገባች። የደበዘዙትን የግድግዳ ሥዕሎች አይታ ስትወጣ፣ «ልጄን የወሰደብኝን ውሃ አሳዪኝ» አለቻት።

«እማዬ፣ ይቅርብሽ። ሆድ ይብስሻል።»

«ሆድ የባሰኝማ ድሮ ነው። አንቺስ ብቻሽን ታፍነሽ እስከ መቼ?»

አስጎብኚዋ እንግዶቹን ዛፍ ጥላ ሥር አሳርፋ እናቷን ደግፋ ቁልቁለቱን ወረደች። ሐይቁ የማዶውን ተራራ ምስል ይዞ ጸጥ ብሏል። እናትየው ጎንበስ ብላ ውሃውን በመዳፏ ዳሰሰችና፣ «እንዴት ያምራል!» አለች።

ለቅሶው ላይ እንኳ እንባ ያልወጣት ልጅ ያኔ እናቷ ትከሻ ላይ ተደፍታ አነባች።